በሰማንያ ቀን የወጣ ስም

በሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ በገባ በሳምንቱ፣ የጉና ተራራ ጭጋግ እስከ ደብረ ታቦር ገበያ ወርዶ ነበር። በዚያ ዘመን አሜሪካና ቻይና በንግድም በቴክኖሎጂም ተያይዘው ነበር፤ የከተማው ሰው ግን ወሬውን የሚሰማው ከሻይ ቤት ቴሌቪዥን ነበርና፣ ባጃጁ ጥሩምባውን በነፋ ቁጥር ግማሹ ይጠፋበት ነበር።

የፊዚክስ መምህሩ ዓለምነው ፉክክሩን ለተማሪዎቹ በራሱ መንገድ ያስረዳ ነበር። «አንደኛው አገር በፈተና ዕለት ተማሪው እንዳይረበሽ ሾፌሩን ጥሩምባ እንዳትነፋ ይለዋል፤ ሌላው የዓለሙን ጎበዝ ልጅ ሁሉ ወደ ራሱ ይጠራል። መድፉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው» ይላቸዋል። ነገሩን የምር የያዘችው ሕይወት ነበረች፤ የቅኔው መምህር የመሪጌታ ገብረየሱስ ልጅ። ከሁለቱ ኃያላን አንዱ ለሰጠው ነጻ የትምህርት ዕድል ተፈትና አለፈች። የቀራት የልደት ማስረጃ ብቻ ነበር፤ ከተጠመቀችበት ደብር ቢሆንም ይበቃል፣ ከሰኔ ሠላሳ ግን ማለፍ የለበትም ተባለች።

ማስረጃውን በዚያው ደብር የሚያገለግሉት አባቷ ጻፉት። መሪጌታ ቁራሽ እየለመኑ፣ በሣር ጎጆ እያደሩ አሥራ ስምንት ዓመት የተማሩ ሰው ነበሩና፣ ለትምህርት የሚሆን ወረቀት በዋዛ አይጽፉም፤ መቃ ብዕር ቀርጸው፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም ከትበው፣ የደብሩን ማኅተም አሳርፈው፣ አሽገው ሰጧት። አባት ያሸገውን መክፈት ነውር ነውና ሕይወት እንደታሸገ ለዓለምነው ሰጠችው፤ እርሱም አክብሮ እንደታሸገ ላከላት።

ሐምሌ ሲጋመስ መልሱ መጣ። ዓለምነው በዝናብ ወደ መሪጌታ ቤት ወጣ፤ ሕይወት ከደጃፉ ውስጥ ተቀምጣ ገብስ ትለቅም ነበር።

«የኔታ፣ በማስረጃው ላይ ማን ብለው ነው የጻፏት?»

«ወለተ ሥላሴ ነዋ! በሰማንያ ቀኗ ክርስትና የተነሣችበት ስሟ። ለእንዲህ ያለው ቁም ነገር የቤት ስሟን ልጻፍላት ኖሯል?»

«የፈተናው ወረቀት ሕይወት ነው የሚለው፣ የኔታ። አስተርጉመው ሲያዩት ሁለት ሰው ናቸው ብለው ጣሉት። ቀኑም አልፏል። እኔም ከፍቼ ማየት ነበረብኝ።»

«እንግዲያ እኔ ነኛ ያስቀረኋት» አሉ መሪጌታ። ድምፃቸው እንደ ሌላው ቀን ነበር፤ ቁጣም እንባም አልነበረበትም።

«አባዬ፣ ዝናቡ እየገባ ነው፤ በሩን ልዝጋው?» አለች ሕይወት። ዘጋችውና ወደ ገብሷ ተመለሰች። ማልቀስ እንደነበረባት ታውቃለች፤ ከውስጧ ግን ምንም አልመጣላትም፤ ጣቶቿ ብቻ ይለቅሙ ነበር።

በማግስቱ መሪጌታ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው አስተማሩ። ዕድሉም ባዶ አልቀረም፤ ከሌላ አገር አንድ ልጅ ሄደበት። ያንን ዘመን የሚጽፉ ሊቃውንት የትኛው ኃያል መንግሥት ስንት ዩኒቨርሲቲ እንደከፈተ፣ ከየአገሩም ስንት ወጣት እንደሰበሰበ ይዘረዝሩ ይሆናል፤ በዚያ መዝገብ ላይ ሕይወት የምትባል የለችም፤ ወለተ ሥላሴ የምትባልም የለችም።