ሳይዘጋ የሮጠው ሰው

የመምህር ዩዋን ጭንቅላት ከግራ ጆሯቸው በላይ እንደ ካይፌንግ ሐብሐብ ተሰንጥቋል። የሰነጠቀው ድንጋይ፣ ጎረምሶች ጡንቻ ሊያወጡበት በጓጉንቸር ቅርጽ የተጠረበው፣ ሽበትና ደም እንደተጣበቀበት አጠገባቸው ተጋድሟል። የሻዩ ማንቆርቆሪያና ሁለቱ ሲኒዎች ግን አልተነኩም፤ ማንቆርቆሪያው ከሰሉ ላይ አሁንም ይተናል።

መርማሪ ሌንግ ዪን ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ከሻይ ዳሱ ውጭ፣ በአኻያው ዛፍ ሥር፣ ሥጋ ቆራጩ ዱ ቼንግ በካቴና ታስሮ ደም ይተፋል። ከብት ሲሸከም ወገቡ ተቆርጦበት የመምህሩ የወገብ ሕመምተኞች ክፍል ከገባ ገና ወሩ ነው። ሬሳውን አቅፎ ስላገኙት የክፍል ጓደኞቹ በልምምድ የእንጨት ጎራዴ ቀጥቅጠውታል። ዕድሜያቸውን በዝግታና በልስላሴ ሲንቀሳቀሱ የኖሩ ሰዎች ሁለት የጎን አጥንት ሰብረዋል።

«ጉዳዩ አልቋል» አለ የሌንግ አለቃ፣ አዛዥ ባይ። «በደም ተነክሮ ተገኘ፣ ሥራው ማረድ ነው። ከቀትር በፊት ለዐቃቤ ሕግ አስረክበዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ጥይት ነው።»

«ጌታዬ፣ ቢላዋው ወገቡ ላይ ተንጠልጥሎ ድንጋይ ምን ያደርግለታል?»

«ተናዶ ይሆናላ!»

«እስከ ቀትር ይስጡኝ።»

ደሙ የዳሱን ወለል ሸፍኖታል፤ ዱን ሊደበድቡ የገቡት ሰዎችም በጫማቸው አቡክተውታል። ከሬሳው ራስጌ ግን ደም ያልነካቸው ሁለት ጠባብ ቦታዎች አሉ፤ ጎን ለጎን፣ በትከሻ ስፋት ተራርቀው። ደሙ እነሱን ዞሮ አልፏል። ሰው ቆሞባቸው ነበር። ደሙ ጫማው ሥር ሲደርስ እንኳ ፈቅ ያላለ ሰው።

«ገድሎ የማይሮጥ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለች ሌንግ ለራሷ። «እዚህ ተገትሮ ምን ይሠራ ነበር?»

መጀመሪያ አጎት ፋን ቀረቡ። ጡረታ የወጡ የፍልስፍና አስተማሪ ናቸው፤ ሲቀመጡም ሲነሡም ያቃስታሉ።

«አጎቴ፣ ከቦታው የተነቃነቀ ሰው አይተዋል?»

«ዓይናችንን ጨፍነን ዛፍ አቅፈን ነበርኮ፣ ልጄ።»

«ዛፍ?»

«በሐሳብ ነዋ! ክንድ ክፍት፣ ጉልበት ላላ፣ ወገብ ዝቅ። ቺ፣ የውስጥ ኃይል፣ እስኪሞላን ሰማይ ቢደፋ ዓይን አይገለጥም። መምህር እስከዚያ ዳሱ ውስጥ ሻያቸውን ይጠጣሉ፤ ሲበቃን ‹ዝጉ!› ይላሉ። ዛሬ ዝም አሉ። ዱ ትዕግሥት የለውም፣ ሊያይ ሄደ። ከዚያ ‹መምህርን ገደሏቸው!› እያለ ሲጮህ ሰማን።»

«ወዲያው ሮጣችሁ?»

«ዘግተን ነዋ!»

ሌንግ ቀና አለች። «መምህራችሁ ተገደሉ ሲባል ሰምታችሁ… ዘጋችሁ?»

«ቺ ተከፍቶ ይሮጣል እንዴ? የሰበሰብሽው ኃይል ሳይታሸግ ከሄድሽ ወገብሽ ላይ ይሰፍርና ዕድሜ ልክሽን ሲቀጠቅጥሽ ይኖራል። በዚያ ላይ» አሉ ፈላስፋው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሳቸው እንደሆነ ሞተዋል።»

ባለታክሲው ኒዬ ደግሞ ገና ሳይጠየቅ ይምላል። «እኔ ያን ድንጋይ? ካልሲዬን እንኳ የምታለብሰኝ ሚስቴ ናት፣ ጠይቂያት!»

«አንተም ዘግተህ ነው የሮጥከው?»

«ታዲያስ! ያ ቂል ግን ሳይዘጋ ሮጠ። ሳይዘጋ! ገዳዩ እሱ ነው ያልነውም ለዚሁ ነው።»

የመጨረሻዋ የክፍሉ አለቃ አክስት ሉዋን ነበሩ። ከአሥር ዓመት በላይ የመምህሩን ልብስ ያጠቡ፣ ቤታቸውን የጠረጉ ሴት ናቸው። ዓይናቸው አብጧል፣ እጃቸው ግን ንጹሕ ነው።

«አክስቴ፣ ዛሬ ሁለት ሲኒ ለምን ቀረበ?»

«መምህር ደቀ መዝሙር ሊቀበሉ ነበር። ተንበርክኮ ያቀረበላቸውን ሻይ ከጠጡለት፣ ልጃቸውና ወራሻቸው ነው።»

«ማን ነበር የሚንበረከከው?»

«ሥጋ ቆራጩ።» ቃሉን እንደ አጥንት ተፉት።

«እርስዎ ጠይቀው አያውቁም?»

«በየዓመቱ። ሻዩ እጄ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ይዤው እመለሳለሁ። ግን ምን አቅም አለኝ፣ ልጄ? ጎንበስ ብዬ መጥረጊያ ማንሣት እንኳ አልችልም።»

ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ስትል ሌንግ ሁሉንም አኻያው ሥር ሰበሰበች። አዛዥ ባይ ሰዓቱን ያያል።

«እስቲ አንድ ጊዜ ዝጉልኝ» አለች ሌንግ።

ሦስቱ ቆሙ፤ እግር በትከሻ ስፋት። እጆች ወደ እምብርት ወረዱ። መዳፍ ከመዳፍ እስኪግል ተፋተገ። ከዚያ ፋንና ኒዬ ጃኬታቸውን ገልበው የጋለ መዳፋቸውን ባዶ ወገባቸው ላይ፣ ኩላሊት ኩላሊታቸው ላይ ያሹ ጀመር። የአክስት ሉዋን እጆች ወደ ኋላ ሄዱ። ጃኬቱ ጫፍ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ በልብሱ ላይ ማሸት ጀመሩ።

«በልብስ ላይ ነው እንዴ፣ አክስቴ?» አለ ኒዬ። «‹በቆዳ! በቆዳ!› እያሉ ጆሯችንን የሚያደነቁሩት እርስዎ አይደሉ!»

«በረደኝ።»

የኒዬ ግንባር በላብ ተጠምቋል።

«ገዳዩ ከገደለ በኋላ ከሬሳው ራስጌ እግሩን ከፍቶ ቆሟል» አለች ሌንግ። «ከዚህ ክፍል ሰው በቀር ማን እንዲህ ይቆማል? በንዴት ሳይዘጋ ከመስመሩ ወጣ፤ ድንጋዩን ጣለና ወገቡ ትዝ አለው። ዘጋ። ዱ ግን መዝጋት ገና አልለመደም፤ ሲደነግጥ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ይሮጣል። ልብሳችሁ አይመሰክርም፤ ዱን ስትደበድቡ ሁላችሁም ደም ነክቷችኋል። እጅም ከዳሱ ጀርባ ባለው ኩሬ ይታጠባል። ግን ከድብደባው በፊት፣ በደም እጁ ገላውን ያሸ ሰው የገዛ ወገቡን ማየት አይችልም። የሁለታችሁን ወገብ አየሁት፣ ንጹሕ ነው። አክስቴ፣ ይዙሩ።»

ከአዛዡ ጋር የመጣች አንዲት ሴት ፖሊስ የአክስት ሉዋንን ጃኬት ገለበችው። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ሁለት መዳፎች፣ ጣታቸው ሳይቀር፣ በደረቀ ደም ታትመዋል።

አክስት ሉዋን አልጮኹም። የኒዬን የእንጨት ጎራዴ ነጥቀው ወደ ዱ ጉሮሮ ተወረወሩ። ሌንግ በእግሯ ጠለፈቻቸው፤ አፈር ላይ ተደፍተውም በካቴናው እስኪጠፈሩ የፖሊሷን እጅ ነከሱ።

«‹አንቺ ሕመምሽን ትወጃለሽ፣ የሚድን ሰው ሻይ ነው የምጠጣው› አለኝ!» አሉ፣ በደም በቀላ አፋቸው። «አንዴ መታሁት፣ ሳቁ አልጠፋ አለ። ደገምኩት። ሳቁ እስኪጠፋ!» ከዚያ፣ እየተነሡ፣ ፊታቸው ላይ ግራ መጋባት መጣ። «ድንጋዩን ከራሴ በላይ ሳነሣው… ወገቤ ምንም አላለኝም። አሁንም አያመኝም።»

አጎት ፋን በቅናት አዩአቸው።

አዛዥ ባይ ራሱ የዱን ካቴና ፈታ። ሥጋ ቆራጩ ጎኑን ደግፎ ተነሣ። የደበደቡት ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ። በመጨረሻ ኒዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወንድሜ ዱ… መምህር ሻይህን ሊጠጡልህ ነበርና፣ ቦታው የአንተ ነው። ነገ ጠዋት ታስተምረናለህ?»

ዱ ባበጠ ዓይኑ አያቸው፣ በምላሱም ድዱን ዳሰሰ።

«ነገ ምን አስኬደን? አሁን እንጀምር» አለ። «እዚህ ሣር ውስጥ የኔ ጥርስ ወድቋል። ጎንበስ በሉና ፈልጉ።»

ጎንበስ አሉ።