ኮሪደሩ ጫፍ ያለችው ክፍል

መጀመሪያ ያየሁት ጠረጴዛ ስር ሆኜ ነው።

የጠረጴዛውን ርዝመት ልለካ ጎንበስ ብዬ ስገባ፣ ሜትሬ ከአንድ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጫማ ጋር ተጋጨ። ጫማው አልተነቃነቀም። ባለቤቱም ስልክ ማውራቱን አላቆመም።

«መንገዱ ከተዘጋ ዞረህ ና። ዞሬ ልምጣ ወይ ብለህ አትጠይቀኝ፤ ዞረህ ና።»

«ይቅርታ፣ እግርህን ከፍ አድርገው፤» አልኩት ከታች።

ስልኩን በእጁ ሸፍኖ ቁልቁል አየኝ። ሰው ጫማው ላይ የተጣበቀ ማስቲካ የሚያየው እንደዚያ ነው።

«የጋሼ የእህት ልጅ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ጠረጴዛ ለመለካት ነው ባሕር ማዶ ድረስ ሄደሽ የተማርሽው?»

«ጠረጴዛ የሚለካው ሰው ሲጠፋ ነው። እዚህ ቤት እስካሁን የሚለካ ሰው አላገኘሁም።»

ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ያዘውና እግሩን ከፍ አደረገ። ፍቅራችን እዚያ ጋ ጀመረ ብዬ ብነግራችሁ ውሸት ነው። እዚያ ጋ የጀመረው ንቀት ነው፤ የእሱም የእኔም። ግን እኩል መናናቅም ለካ መግባቢያ ይሆናል።

ድርጅቱ የአጎቴ ነው፤ በጭነት መኪና ዕቃ ያጓጉዛል። ሠራተኛው በሙሉ አንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ታጭቆ፣ ስልኩ ሲጮህ፣ ሹፌሩ ሲገባ ሲወጣ፣ ማተሚያው ሲንቋቋ ነው የሚውለው። አጎቴ አዲስ ሕንጻ ላይ አንድ ፎቅ ተከራየና የመዛወሩን ሥራ ለእኔ ሰጠኝ። ምን ይወሰዳል፣ ምን ይጣላል፣ ማን የት ይቀመጣል። ተምሬ ከውጭ ከተመለስኩ ወዲህ እቤት ተቀምጬ እናቴን ሳሰለቻት ስለከረምኩ፣ ሥራውን የለመነችልኝ እሷ ናት።

ሰዎቹን ናቅኳቸው። ምን ላድርግ? እግሩ የተሰበረ ወንበር እንጣል ስል «ይጠገናል» ይሉኛል። ስንት ዘመን ተሰብሮ እንደቆመ ስጠይቅ የሚያውቅ የለም። የአዲሱን ቢሮ ንድፍ ዘርግቼ ሳሳያቸው ደግሞ መስኮቱ በየት በኩል ነው ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። ሁሉም ጣቱን የአጎቴ ክፍል ላይ ይተክልና ከዚያ እስከ ራሱ ወንበር በዓይኑ ይጓዛል። መንገዱ ከረዘመበት ያን ቀን ምሳ አይበላም።

ከሁሉም የባሰው የስምሪት ክፍሉ ምክትል ነበር። አቶ እሺ እንለዋለን፤ ሌላ ቃል ሲወጣው የሰማ ስለሌለ። ያ ባለ ጥቁር ጫማው ሰውዬ ደግሞ የስምሪት ኃላፊው፣ ማለትም የአቶ እሺ አለቃ ነው። የትኛው መኪና በየት ሄዶ ምን ጭኖ እንደሚመለስ የሚወስነው እሱ ነው። የቤቱ ሰው ኮስታራው ይለዋል።

ምሳ ሰዓት ላይ አዳራሹ ሲለቀቅ እኔና ኮስታራው ብቻ እንቀራለን። እኔ እለካለሁ፤ እሱ ስልክ ይጠብቃል። ሰው እናማለን።

«አቶ እሺ ዛሬ አንድ ነገር እንቢ ሊል ነበር፤» ይለኛል።

«ማንን?»

«ማንንም አይደለም። አስነጥሶት ነው።»

ሳቄን መቆጣጠር ያቅተኛል። አገር ቤት ከገባሁ ወዲህ እንደዚያ የሳቅኩት ከእሱ ጋር ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ «መቼ ነው የምትመለሺው?» ብሎ ነው። እሱ ግን አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ግድ የማይሰጠው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንድ ሹፌር ከቁልቁለት መንገድ ላይ ደወለ። ፍሬኑ እንቢ ብሎታል። ኮስታራው አንዱን ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ «ድገመው... አልሰማሁህም፣ ድገመው» ይላል። ከጀርባው ሁለት ሰዎች በአንድ የሒሳብ ማሽን ይጣላሉ። ማተሚያው ይንቋቋል። ጸሐፊዋ ከአዳራሹ ጫፍ አንዱን ትጣራለች።

«ወደ ዳገቱ ጥምዝዝ አድርገው! ወደ ዳገቱ!»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ሁለት ጊዜ ከእጁ አመለጠው።

«ደህና ነው?» አልኩት ቀርቤ።

«ቆሟል። ደህና ነው።»

«አንተስ?»

እጁን ከጠረጴዛው ስር ደበቀ። «አንድ ቀን እንኳ እነዚህን ልጆች በጸጥታ ብሰማቸው ሌላ ምንም አልፈልግም።»

የወደድኩት ያኔ ነው። ይህንን ሰው ጸጥ ወዳለ ቦታ ማድረስ አለብኝ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

በአዲሱ ፎቅ ላይ ኮሪደሩ ጫፍ አንዲት ክፍል ነበረች። ግድግዳዋ ወፍራም ነው፣ በር አላት፣ መስኮቷ ወደ ዛፎች ያያል። እኔ በተማርኩበት አገር ታላላቅ ሰዎች ለእንዲህ ያለች ክፍል ሲጣሉ አይቻለሁ። ስሙን እዚያ ላይ አሰፈርኩ። ሲያየው ይደነቅ ብዬ አልነገርኩትም። አጎቴ ንድፉን አየው፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ምንም ሳይል ፈረመበት። በማግስቱ ጠዋት መግቢያው ላይ ለጠፍኩት።

አዳራሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ አለ።

ጸሐፊዋ ተነስታ ወደ ኮስታራው ሄደችና ትከሻውን ያዝ አደረገችው። «አይዞህ ወንድሜ፤» አለችው፣ «ሁሉም ያልፋል።» አቶ እሺ ሰው የሞተበት መስሎ ቀረበ። «ዋናው ጤና ነው፤» አለ። ከእሺ ሌላ ቃል ሲናገር የሰማሁት ያኔ ነው። ደስታው ካፉ አምልጦት መሆን አለበት።

ምን እንደሆኑ አልገባኝም። እነዚህ ሰዎች በጤናቸውም አይገቡኝም ነበርና ብዙ አላስጨነቀኝም። ከሰዓት በኋላ ግን ሹፌሮቹ ለአቶ እሺ መደወል ጀመሩ። በማግስቱም እንደዚያው። ሳምንቱ ሲያልቅ የኮስታራው ስልክ ጭራሽ ጸጥ አለ።

ምሳ ሰዓት ላይ ፈገግ ብዬ ሄድኩ።

«ወደድከው?»

«ምኑን?»

«ክፍሉን ነዋ።»

ከወረቀቱ ቀና ብሎ አየኝ። እንደዚያ ሲያየኝ መጀመሪያ ቀን ጠረጴዛው ስር የነበረው አስተያየት በስንት ጣዕሙ።

«ያደረግሽው ሳያንስሽ፣ መጥተሽ ወደድከው ትይኛለሽ?»

«በር አለው እኮ።»

«እስር ቤትም በር አለው።»

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«አማካሪው የት ነው የሚቀመጠው?»

አማካሪው የምንለው ደረጃው አጠገብ ለብቻቸው ክፍል ያላቸውን ሽማግሌ ነው። ጋዜጣቸውን አንብበው፣ መነጽራቸውን ጠርገው፣ ሰዓት ሲደርስ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ክፍላቸውን ስለካ ከዚህ ቤት ደስተኛው ሰው እሳቸው ናቸው ብዬ ነበር።

«የሒሳብ ኃላፊ ነበሩ፤» አለኝ። «አንድ ቀን አጎትሽ አኮረፋቸው። ክፍል ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ ምክር የጠየቃቸው ሰው የለም። እዚህ ቤት ሰው አይባረርም፤ ክፍል ይሰጠዋል። ይህን የማያውቅ አንድ ሹፌር የለም። ስሜን እዚያ ጫፍ ላይ ያዩ ቀን አለቀለት አሉ፤ ሥራውም እግር አውጥቶ ወደ አቶ እሺ ሄደ።»

መግቢያው ላይ ወደ ለጠፍኩት ወረቀት ዞርኩ።

«እኔ ጸጥታ ይፈልጋል ብዬ...»

«አገኘሁት እኮ። ይኸው፣ ስልኩን ስሚው።» ስልኩ ድምፅ አልነበረውም። «ምሳ ሰዓት እየመጣሽ አብረሽኝ የምትስቂው ለአጎትሽ ወሬ ልታቀብዪ መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ።»

«አንድ ጥያቄ ብትጠይቀኝ ትሞታለህ? ሳምንቱን ሙሉ ተነፋፍተህ ከምትቀመጥ?»

«አንቺስ ብትጠይቂኝ? ያሳደግሽኝ ይመስል ቦታ ስትመርጪልኝ?»

በዚያ ላይ የባሰውን ጨመረልኝ።

«ሌላ ድርጅት ጠርቶኛል። እናንተ ስትዛወሩ እኔ እዚያ እሄዳለሁ። ክፍሉን ለሌላ ስጪው።»

ጫማውን ጠረገና ወጣ። ንጹሕ ጫማ እኮ ነው የጠረገው... የእኔን አቧራ መሆን አለበት።

በቀጥታ ወደ አጎቴ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ስምሪት ኃላፊውን ከዚያ ክፍል ያውጡልኝ።»

«ያስገባሽው አንቺ።»

«ሲፈርሙ ለምን ዝም አሉ ታዲያ?»

«ተጣልታችሁ መስሎኝ ነዋ። ሰውዬው የበደለሽ ነገር አለ ብዬ። ለሥጋዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«አልበደለኝም። ወድጄው ነው።»

አጎቴ ብዕሩን አስቀመጠ። «የወደዱትን ሰው ጫፍ ላይ ይጥሉታል? ይሄ ነው እዚያ ያስተማሩሽ?»

«ይመልሱታል አይመልሱትም?»

«አንዴ ተለጥፏል። ዛሬ እሱን ባነሳ ነገ ሁሉም ወንበሩን ተሸክሞ ይመጣብኛል። ደግሞስ አቶ እሺ ሥራውን ይዞታል።»

«አቶ እሺ ለአንድ ጭነት ሁለት መኪና ልኳል። ሁለቱም ሹፌሮች እኔ ልሂድ አሉት፤ ለሁለቱም እሺ አለ።»

አጎቴ ይህንን አልሰማም ነበር። አገጩን ሲያሽ ቆየ።

«ክፍሉስ? ኪራይ እየከፈልኩ ባዶውን አላስቀምጠውም። በቦታው ሌላ ሰው ካልገባ እሱ አይነሳም። ማንን ላስገባ?»

«እኔን።»

«አንቺ የእህቴ ልጅ ነሽ። ሰው ምን ይላል?»

«አለቀላት ይበል።»

ማምሻውን አጎቴ የፈረመበትን አዲሱን ንድፍ ለጠፍኩ። የኮስታራውን ጠረጴዛ አዳራሹ መሃል፣ ከማተሚያው አርቄ አስቀመጥኩት። የእኔን ስም ጫፍ ላይ። ጠዋት ስገባ ጸሐፊዋ ትከሻዬን ያዘች። «አይዞሽ እህቴ።» ትናንት የእህት ልጅ እያሉ ሲያጎበድዱ የነበሩት ሁሉ ሰላምታዬን በአገጫቸው መለሱ። በዚያች አጭር ጠዋት ተደራርቦ የወረደብኝን ሐዘኔታ ብትመዝኑት አንድ መኪና አይችለውም።

እናቴም ደወለች።

«ምን አጥፍተሽ ነው?»

«ምንም።»

«አጎትሽ ክፍል ሰጣት አሉኝ እኮ።»

«ክፍል ማግኘት ጥፋት ነው እማዬ?»

«እኔን አታሞኚኝ ልጄ። ለብቻሽ ነው?»

ዕቃው ተጫነ፣ ተራገፈ፣ ተዛወርን። ኮስታራው ያንን ሌላ ድርጅት ትቶ አብሮን መጣ፤ ለእኔ ግን ቃል አልተነፈሰም። አዳራሹ መሃል ተቀመጠ፣ ሹፌሮቹም ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሰው ደወሉለት። አቶ እሺ ወደ እሺው ተመለሰ።

እኔ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የመዛወሩ ሥራ ስላለቀ የሚፈልገኝ ሰው አልነበረም። ዛፎቹን አያለሁ። በሩን የሚከፍት የለም። ለምን ተመለስኩ? እዚያ ሳለሁ እዚህ ይናፍቀኝ ነበር፤ እዚህ ስሆን ሁሉም ያናድደኛል። ሻንጣዬን እስካሁን ሙሉ በሙሉ አላራገፍኩትም። መሄድ ይሻለኝ ይሆን እያልኩ ሳለ፣ ከኮሪደሩ የወንበር ጎማ ሲንጫጫ ሰማሁ።

ኮስታራው ነው። ወንበሩን በአዳራሹ መሃል፣ በሁሉም ፊት እየገፋ መጣ። አንድም ቀን ሸሚዙ ተጨማዶ የማይታይ ሰው፣ በላብ ተነክሮ።

«ምን ትሠራለህ?»

«መጣሁ።»

«ሰው ያይሃል።»

«አይቶኛል። አቶ እሺ አፉን እንደከፈተ ቀርቷል።»

«አለቀለት ይሉሃል።»

«አንቺ ጋ ካልመጣሁ ነው የሚያልቅልኝ።»

ወንበሩን ከእኔ ፊት ለፊት አቆመና ተቀመጠ። ጫማውን አየ።

«ለምን ገባሽበት?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ስጦታ ነበር። አንተ አልፈለግከውም። መጣል ደግሞ አልቻልኩም።»

«ሌላ ጊዜ ስጦታ ስትሰጪ ጠይቂኝ።»

«አንተም ስትከፋ ጠይቀኝ።»

«እጠይቅሻለሁ።» ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። «አጥፍቻለሁ። ወሬ አቀባይ ያልኩሽ... ይቅር በይኝ።»

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። አንድ ሹፌር ነው። ኮስታራው መለሰለት፣ ከዚያ በድንገት አዳመጠ። የመኪናው መስታወት መጥረጊያ ሲሄድ ሲመለስ ለእኔ እንኳ ይሰማኝ ነበር። ዓይኑ ራሰ።

«ዝናብ ነው አይደል ያለህበት?» አለው ሹፌሩን። «ቀስ ብለህ ንዳ ወንድሜ። ጊዜ አለን።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ከሰዓቱን እኔ ጋ ይውላል። ሹፌሮቹ ተከትለውት መጡ። ጸሐፊዋም ፊርማ ፍለጋ መጣች። አጎቴ ሳይቀር ሁካታው ምንድን ነው ብሎ ብቅ አለና ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። ይኸው ነው፤ ወሩ ሳይሞላ አቶ እሺ በር ላይ ቆሞ «እታለም፣ ለእኔ አንድ ጠረጴዛ እዚህ ጫፍ ላይ ይጠብብሻል?» አለኝ። ናቅኳቸው። ከበፊቱ አብልጬ።

«ውጡልኝ በሙሉ፤» አልኩ። «ልሠራ ነው።»

ወጡ። በሩን ዘጋሁ። ዞር ስል ኮስታራው ተቀምጧል።

«ላንተም ነበር እኮ።»

«ሰምቻለሁ። ግን ጠይቅ ብለሽኛል።»

«ጠይቀኝ እንግዲያው።»

«ሚስቴ ትሆኛለሽ?»

ሳላስበው መስኮቱ ላይ ተደገፍኩ።

«የዚህ አገር ሰው ይሰለቸኛል።»

«አውቃለሁ።»

«አንተም አንዳንድ ቀን ትሰለቸኛለህ።»

«አውቃለሁ።»

«እናትህም ሳትሰለቸኝ አትቀርም።»

«እሷማ እኔንም ትሰለቸኛለች።»

«ጠዋት ተነስቼ መሄድ እፈልጋለሁ ብልህስ?»

«ወዴት ብዬ እጠይቅሻለሁ። ከዚያ ሻንጣ እይዝልሻለሁ።»

እጁን ያዝኩት። ይህን ጊዜ አልደበቀውም።

«አገባሃለሁ፤» አልኩት። «ግን ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ሠርጋችን ላይ አይጠራም።»

«አንድ ሳይቀር ነው የምንጠራቸው፤» አለኝ። «የት እንደሚቀመጡ ግን አንቺ ትወስኛለሽ።»

የአቶ እሺ ቦታ ወዲያው ታየኝ። ድምፅ ማጉያው ስር።