በሳህኑ የጠራው ውሃ

ሸረፈዲን ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በገዛ ወርክሾፑ ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከማሽኑ ብረት ጋር ተጋጭቷል። የመነጽር መስታወት የሚወለውልበት ፈሳሽ ጠረጴዛው ላይ በሳህን እንዳለ ነው፤ ከላይ የጠራ ውሃ፣ ከታች ነጭ ጭቃ።

የኪሰንዪ ሰፈር ፖሊስ ሲቲናን የጠራት እንድታስተረጉም ነበር። እሷ ግን ምላሷን ብቻ ይዛ የሄደችበት ቦታ የለም። ምርመራን ያስተማራት ሰው አልነበረም፤ ከሰው ፊት እያነበበች ራሷ የለቀመችው ነው። የፖሊስ መኮንኑ አፋንዴ ሙገርዋ ይህን ስለሚያውቅ እያጉረመረመም ቢሆን ያስገባታል።

«ነገሩ አልቋል» አላት፣ ማስኩን ወደ አገጩ አውርዶ። «ሐኪሙ ትናንት ቀን ሞተ እንጂ ሰዓቱን አላወቅሁም አለ። ሰዓቱን የነገረኝ ሸሪኩ ሰይፈ ነው። ይህ ፈሳሽ የሚዘቅጠው ሃያ ሰዓት ሳይነካ ሲቀመጥ ነው። ስለዚህ ሟቹ ከትናንት ቀትር ወዲህ አልሠራም። ቀትር ላይ አብሮት የነበረው ደግሞ ሠራተኛው ሙሀነድ ብቻ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወደ እስር ቤት ይሄዳል።»

ሙሀነድ እጁ በካቴና ታስሮ በሩ ጥግ ተቀምጧል።

«ስንት ሰዓት ወጣህ?» አለችው።

«ሰባት ሰዓት። ወላሂ፣ ሲሠራ ትቼው ነው የወጣሁት።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ቅመሙን ሊያስተምረኝ ቃል የገባልኝን ሰው እገድላለሁ? አብደሻል እንዴ?»

ሲቲና ወደ ሟቹ ሚስት ዞረች። ሐቢባ አላለቀሰችም፤ የባሏን ሽርጥ ጭኗ ላይ እያጠፈች ትፈታለች።

«ሐቢባ እህቴ፣ ቅመሙ ምንድን ነው?»

«ሲሪየም የሚባል ብርቅ ማዕድን አለ። የእሱ ኦክሳይድ ዱቄት ነው። ናኖ ነው ይለው ነበር፤ በዓይን ቀርቶ በማጉያ መስታወትም አይታይም። ከመድቀቁ የተነሳ ውሃ ውስጥ ተንሳፍፎ እንደ ወተት ይኖራል። አሠራሩን የትም አልጻፈውም፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው የነበረው።»

«እዚህ ቤት ምግብ ይበላል?»

«እሱ እያለ?» ሐቢባ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። «ለሙሀነድ ፍርፋሪ መስታወት ይጭራል ይለዋል። እውነቱ ጨው ነው። ጨው ከነካው ዱቄቱ እርስ በርሱ እየተያያዘ ቁልቁል ይወርዳል። አንዴ ሰይፈ በጨው ውሃ ቀላቅሎት ሙሉ በርሜል ደፍተናል። ከዚያ ወዲህ ምክንያቱን የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነን።»

ሲቲና ጣቷን ሳህኑ ውስጥ ነክራ ቀመሰች። አፋንዴው ዓይኑ ፈጠጠ። እሷ ግን ወጥታ፣ ደጃፉ ላይ የተቀቀለ እንቁላል ከምትቸረችረው ሴት ጋር ቆማ አወራች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሰይፈ ጫማውን አስወልውሎ ነበር የመጣው።

«አቶ ሰይፈ፣ ትናንት የት ዋሉ?»

«ንቲንዳ ሰፈር፣ መነጽር ቤቶች ጋ ፈሳሹን ስሸጥ። ከአምስት እስከ ዘጠኝ። ሦስት ሰው ይመሰክርልኛል። ከዚያ ቤቴ ገባሁ።»

ሲቲና ከመደርደሪያው የመጨረሻዋን የመስታወት ማሰሮ አውርዳ በሁለት ብርጭቆ ቀዳች። አንደኛው ላይ ከደጅ ያመጣችውን ቁንጥር ጨው ጣል አድርጋ አማሰለችው።

«ይህ ማሰሮ ከታሸገ ሁለት ወሩ ነው፤ ቀኑ ተጽፎበታል። አሁንም ወተት ነው። ከቀኑ በታች ደግሞ ‹ስድስት ወር ቢቀመጥ አይዘቅጥም› ይላል። የማን ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ» አለ ሰይፈ ቀስ ብሎ። «ለገበያ ነው። ነጋዴ የማይለው የለም።»

«ለገበያ ስድስት ወር፣ ለፖሊስ ሃያ ሰዓት። ይሁን። የሳህኑ ውሃ ግን ጨው ጨው ይላል። እዚህ ቤት ጨው አይገባም፤ ያስገባው ሰው ፈሳሹ እንዲዘቅጥ ፈልጓል። ፖሊስ ደግሞ ሸረፈዲን ቀትር ላይ እንደሞተ እንዲያምን። ሙሀነድ ያን ለምን ያደርጋል? ቀትር ላይ እኮ እዚህ ነበር። ሐቢባም ሜንጎ ሰፈር ቤቷ ብቻዋን ነበረች፤ ቀትር አይጠቅማትም። ቀትር የሚጠቅመው ቀትር ላይ ንቲንዳ ሦስት ምስክር ላለው ሰው ነው።»

«ይህ ግምት ነው።»

«እንቁላል ሻጯ ግን አትገምትም። ትናንት አስር ሰዓት ላይ አንድ ሰው ከዚህ በር ወጥቶ ሁለት እንቁላል ገዛ። ለአስር ሰው የሚበቃ ጨው አስጠቀለለና እንቁላሉን እዚያው ረስቶላት ወደዚሁ ተመለሰ። ጌታዬ፣ የተራበ ሰው ጨውን ትቶ እንቁላሉን ነው የሚወስደው። እዚህ ልጥራት ወይስ ይበቃል?»

የሁሉም ዓይን ብርጭቆዎቹ ላይ ነበር። አንደኛው እንደ ወተት ነው። የሌላው አናት መጥራት ጀምሮ፣ ነጩ እንደ ጉም ቁልቁል ይወርዳል።

ሰይፈ ተቀመጠ። «ለናይሮቢ ሰዎች ቅመሙን አመጣለሁ ብዬ ነበር። ሰባት ዓመት በየመንገዱ ተሸክሜ የሸጥኩለትን ለእኔ ከልክሎ ለተቀጣሪ አስተምራለሁ አለኝ። ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው። ብረቱን አላየሁትም።»

«ጨውንስ?» አለች ሐቢባ።

አፋንዴው ካቴናውን ከሙሀነድ እጅ ፈትቶ ሰይፈን ይዞ ወጣ። ሙሀነድ አንጓውን እያሻሸ ቆመ እንጂ ወደ በሩ አልሄደም።

ሐቢባ ማሰሮውን አነሳችና ወደ ብርሃን ያዘችው። ከግማሽ በታች ሆኗል።

«ሌላ የለም» አለች። «የሚሠራውም የለም። ይህን ያህል ቀድተሽ አበላሸሽው?»

ሲቲና ብርጭቆዎቹን አየች። «አዎ» ብቻ አለች።

ሐቢባ ወደ ሙሀነድ ዞረች። ከዚያ ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችና ማሰሮውን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ምን እንዳለበት እስክታውቅ ድረስ እየው» አለችው። «እሱም እንዲያ ነው የጀመረው።»