ከአንድ ሜትር ወዲህ

«ኤጭ! አሁንም ደበዘዘ!»

ችኬ ካሜራውን ከፊቷ አውርዳ በእልህ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። አያቷ መስኮቱ ሥር አገጫቸውን ቀና አድርገው እንደተቀመጡ ናቸው። ግራ ዓይናቸው ማየት ካቆመ ቆይቷል፤ ቀኝ ዓይናቸው ላይ ያለው ሞራ ደግሞ በከሰዓቱ ብርሃን ወተት ጠብ ያለበት ውሃ መስሏል። ነገ ጠዋት ሐኪሙ ያወጣዋል።

እሳቸው ደግሞ ከመውጣቱ በፊት ፎቶ ይነሳልኝ ብለዋል። አርባ ዓመት ሙሉ በፎቶ ቤታቸው የሰው ፊት ሲያነሱ የኖሩ ሰው ናቸው። «ዓለሙን የጋረደብኝን ነገር መልኩን ሳላየው አልሰናበተውም» አሉ። በማንኛውም ሌንስ ግን አይሆንም፤ በራሳቸው፣ በዚያች ከወጣትነታቸው ጀምሮ በያዟት አሮጌ ሌንስ ነው። የሌንሷ ካሜራ ከተበላሸ ዓመታት ስላለፉት፣ ችኬ ከትምህርት ቤቱ የፎቶ ክበብ ዲጂታል ካሜራ ለአንድ ቀን ተውሳ ሌንሷን አዳፕተር በሚባል ማገናኛ ገጠመችበት። ችኬ ያሏት እሳቸው ናቸው፤ አንዴ ችክ ካለች የሚመልሳት የለምና።

ችግሩ ሌንሷም ችክ ማለቷ ነው። ምስሉን የሚያጠራው ቀለበቷ አንድ ሜትር ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። በሜትር ርቀት ደግሞ የአያቷ ጭንቅላት በሙሉ ይገባና ዓይናቸው የምስር ፍሬ ያክላል። ጠጋ ስትል ሁሉም ነገር ጭጋግ ይሆናል።

«አንቺ ልጅ፣ አታካብጂ» አለች ማስቲካ በሹክሹክታ። ማስቲካ ከችኬ የማትላቀቅ የክፍል ጓደኛዋ ናት። «ቅድም በስልኬ አንስቼዋለሁ እኮ። ልኬልሻለሁ፣ እዪው።»

ችኬ ስልኳን ከፈተች። ነፍስ የሆነ ፎቶ ነው። ቀኑን ሙሉ ካነሳቻቸው ሁሉ ይበልጣል።

«በሌንሱ ነው ያነሳሁት በያቸው። በምን ያውቃሉ?»

«ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?» አሉ አያቷ። «ዓይኔ ነው እንጂ የደከመው ጆሮዬ ገና ጎረምሳ ነው።»

ችኬ ደነገጠች። ስልኩን ኪሷ ከተተችው። «አባባ፣ ሌንሷ ከሜትር ወዲህ አልመጣም አለች።»

«እሷ ምን አደረገች! በአሮጌው ካሜራ እኮ በሌንሱ ውስጥ አናይም ነበር፤ ጎን ላይ ባለች ትንሽ መስኮት ነው የምናነጣጥረው። መስኮቷ ከሜትር ወዲህ መለካት ስለማትችል ሠሪዎቹ ሌንሷንም እዚያው አቆሟት። ያንቺው ግን በሌንሷ ውስጥ ያያል፣ አይደል?»

«ያያል።»

«እንግዲያው ከአዳፕተሩ ጥርስ ላይ ቀስ እያልሽ ፍቺያት። ከካሜራው በራቀች ቁጥር ወደ እኔ መቅረብ ትችያለሽ።»

ችኬ ሌንሷን ግማሽ ዙር ፈታቻት። ከዚያ አንድ ዙር። ወደፊት ስትጠጋ ጭጋጉ ውስጥ የዓይናቸው ሽፋን መጨማደድ አንድ በአንድ ብቅ አለ። ግን ዓይኑ ገና ስክሪኑን አልሞላም፤ ሌንሷ ደግሞ በመጨረሻው ጥርስ ላይ መወዛወዝ ጀምራለች። ትንሽ ስትጨምር ተላቅቃ እጇ ላይ ቀረች። በክፍተቱ የገባው ብርሃን ስክሪኑን ነጭ አደረገው።

«በቃ፣ ተዪው» አለች ማስቲካ። «ብትወድቅስ? ፀሐይዋም እየሄደች ነው። ያንን ፎቶ ስጫቸውና ተገላገዪ።»

ችኬ ስልኳን አወጣች። ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አጠፋችው።

«አበድሽ?»

«እሱ ካለ እኔ አልለፋም። አንቺም አጥፊው።»

ማስቲካ ዓይኗን አጉረጠረጠች፤ እያጉተመተመች ግን አጠፋችው። ችኬ ጫማዋን አወለቀች። የዩኒፎርሟን ጥቁር ካልሲ ከጣቶቹ በኩል በመቀስ ቆረጠችና እንደ እጅጌ አደረገችው፤ አንዱን ጫፍ በአዳፕተሩ፣ ሌላውን በሌንሷ ዙሪያ በላስቲክ አሰረች። ብርሃኑ ተዘጋ።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?» አሉ አያቷ።

«ሳይንስ ነው አባባ፤ አይንቀሳቀሱ።»

«የታጠበ ሳይንስ አልነበረም እንዴ!»

ማስቲካ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ብርሃኑን የሚመልስ ነጭ ወረቀት በጉንጫቸው በኩል ያዘች። ችኬ በአንድ እጇ ካሜራውን፣ በሌላው ሌንሷን ይዛ ጠጋች። የፀጉር ስፋት ያህል ስትንቀሳቀስ ሽፋሽፍቱ ይጠራል፤ መለስ ስትል አፍንጫቸው። አሥራ አንድ ጊዜ ሳተችው። እጇ ዛለ።

«ሌንሷን እርሺያት» አሉ አያቷ በለሆሳስ። «በወገብሽ ነው። ትንፋሽሽን አውጪና ወደፊት ዘንበል።»

ትንፋሿን አወጣች። ዘንበል አለች። ካሜራው ቀጭ አለ።

ማስቲካ በትከሻዋ በኩል አየችና ማኘኳን አቆመች። ሽፋሽፍቱ ደብዝዟል፤ ሞራው ግን ስክሪኑን ሞልቶ ጥርት ብሏል።

«ያዝሽው?»

«ያዝኩት አባባ። በራስዎ ሌንስ።»

«እስቲ አሳዪኝ» አሉና በራሳቸው ሳቁ።

«ምን እንደሚመስል አልነግርዎትም። ፋሻው ሲፈታ ራስዎ ያዩታል።» ከጠዋት ጀምራ ያሰበችው እንደዚያ ነበር።

አያቷ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሻሹ። «ካላየሁትስ?» አሉ ቀስ ብለው።

ይህን በቤቱ ውስጥ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማንም አፍ አውጥቶ አላለውም ነበር። ችኬ ካሜራውን አየች፤ እሳቸውን አየች። ከዚያ ጉልበቷ ጉልበታቸውን እስኪነካ ድረስ ወንበሯን ሳበች።

«ከጠርዙ ልጀምርልዎት» አለች። «ዙሪያው ቡናማ ነው። ወደ መሃል ሲገቡ ግን ነጭ ጭረቶች አሉ፤ የተሰነጠቀ በረዶ ይመስላሉ።»

«ቀስ በይ» አሉ፣ ሁለቱንም ዓይናቸውን ጨፍነው። «ጭረቶቹ ከላይ ናቸው ከታች?»

«ከላይ። ረጅሙ በግራ በኩል ነው...»