ባለ ሁለት ቀለሙ ስም

ፖስተር ሠሪው ደሞዝ ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር ካለው ፖስተር ቤቱ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርሯል። ደሙ የወረቀት መቁረጫው ብረት ጠርዝ ላይ ደርቋል። ኮምፒውተሩ ግን እንደበራ ነው፤ ጌታው ሞተ አልሞተ ደንታም የለው፣ የአንዲት ዘፋኝ ፖስተር ያሳያል።

ኢንስፔክተር ኢትዮጵያ ስትደርስ ሳጅን ገድሉ ነገሩን ሁሉ ጨርሶት ጠበቃት።

«ገዳይዋ ዘፋኟ ናት፤ ይዘናታል። ትናንት ከሰዓት ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ አቀርባታለሁ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም፣ ገድሉ?»

ፅጌ ማርያም እጇ በካቴና ታስሮ በሩ ላይ ቆማለች። እስከ አምና ባሕር ዳር የሚያውቃት በመዝሙሯ ነበር፤ ዘንድሮ የመጀመሪያ የዘፈን አልበሟን ልታወጣ ነው። ፕሮዲውሰሯ ብሩክ አጠገቧ ስልኩን ይነካካል። ታላቅ ወንድሟ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን መቋሚያቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ።

«ምን አጣላችሁ?» አለቻት ኢትዮጵያ።

«ፊደል! ስሜን አሳንሶ ጻፈው፣ አጉላልኝ አልሁት። ኋላ ተስማምተን እየሳቅሁ ወጣሁ። በእመቤቴ ይሁንብኝ፣ ያ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የእኔ ፖስተር አይደለም!»

«እውነቷን ነው» አለ ብሩክ። «እኛ የተስማማነው በጥቁር መደብ ነው፤ የጣና ዳር መብራት፣ ጋደል ያለ ደማቅ ፊደል፣ እሷ ቀይ ቀሚስ ለብሳ ስትስቅ። ሰው ገና ከመንገድ ማዶ ሲያየው ዘፈን መሆኑን እንዲያውቅ። ይሄንን ይዩልኝ! ነጭ ነጠላ፣ ወርቃማ መደብ፣ ዙሪያውን የሐረግ ጌጥ፣ የብራና ፊደል! መዝሙር ነው ብሎ የገዛ ሰው ቤቱ ሲከፍተው እስክስታ ሊያስወርደው!»

«ይኸው!» አለ ገድሉ። «ጸጸት ገብቷት ወደ መዝሙር መልስልኝ አለችው፤ እምቢ አላት፤ ገፈተረችው። ከዚያ ራሷ ቀየረችው።»

ኢትዮጵያ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለች። ማውሱ ከኪቦርዱ በስተቀኝ ነው።

«ደሞዝ በየትኛው እጁ ነበር የሚሠራው?»

«ግራኝ ነበር» አለ ብሩክ። «ማውሱን በስተቀኝ አድርጎ አይቼው አላውቅም።»

ግድግዳውን ዞራ አየች። ደሞዝ የሠራቸው የመዝሙር ፖስተሮች ተደርድረዋል፤ የዘማሪዎቹ ስም ሁሉ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቀለም ነው የተጻፈው። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ፅጌ ጥቁር፣ ማርያም ቀይ ነው። ወደ መሪጌታ ዞረች።

«እርስዎስ መሪጌታ፣ ኮምፒውተር ይነካሉ?»

«የደብሩን የጉባኤ ማስታወቂያ እኔ ነኝ የማዘጋጅ። ትናንት ግን ከደብሩ ቅጥር አልወጣሁም።»

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ወረቀት፣ አንድ ጥቁርና አንድ ቀይ እስክሪብቶ አስቀመጠች። የፅጌ ማርያምን እጅ አስፈታች።

«የዘፋኟን ስም ፖስተር ላይ ልታዩት በምትፈልጉት ዓይነት ጻፉልኝ።»

ብሩክ ሙሉውን በቀይ አጋድሞ ጻፈ። ፅጌ ማርያም ሙሉውን በጥቁር፣ ወረቀቱን እስኪሞላ አጉልታ ጻፈች። መሪጌታ በተራቸው ጥቁሩን አንሥተው ፅጌ ብለው ጻፉ። ጥቁሩን አስቀመጡ፤ ቀዩን አነሡና ማርያም ብለው ጨረሱ። የጻፉትን ያዩት ከዚያ በኋላ ነው።

«ገድሉ፣ አንድ በአንድ ስማኝ» አለች ኢትዮጵያ። «ማውሱ በቀኝ ስለሆነ ፖስተሩን የቀየረው ደሞዝ አይደለም። የድሮ የነጠላ ፎቶዋ ከቀድሞው ሥራዋ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበረ፤ ሐረጉም እንደዚያው። ማንም አንሥቶ ሊለጥፈው ይችላል። ስሙን ግን ለሁለት የሚከፍለው ተራ ሰው አይደለም። ስመ ማርያምን ከሌላው ለይቶ በቀይ የሚጽፍ ብራና ሲጽፍ ያደገ የቤተ ክህነት እጅ ነው። ብሩክ አላደረገውም፤ እሷም የገዛ ስሟን እንዲህ አልጻፈችም። መሪጌታ፣ ትናንት እዚህ ነበሩ።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ለቀቁት።

«እናታችን አገር ቤት፣ ይፋግ፣ ታማ አልጋ ላይ ናት። ‹ልጅሽ መዝሙር ልታወጣ ነው› ብዬ ዋሸኋት። ፖስተሩ እንኳ መዝሙር ይምሰልልኝ ብዬ ለመንሁት፤ ሳቀብኝ። ገፋሁት... ልገድለው አልነበረም፣ እግዜር ያውቃል! መውደቁን ሳይ ደግሞ፣ ፖስተሩ ታትሞ እናቴ ዘንድ ሳይደርስ ብዬ ተቀምጬ ቀየርሁት።»

ገድሉ አንገቱን ደፍቶ ካቴናውን ይዞ ወደ መሪጌታ ሄደ። ፅጌ ማርያም ወንድሟ የጻፉትን ወረቀት አንሥታ ትክ ብላ አየችው።

«እጄ ሲታሰር እዚሁ ቆመህ ዝም አልኸኝ፣ ወንድምዓለም?»

ወረቀቱን አዙራ መሪጌታ ፊት ላይ ዘረጋችው።

«የእመቤቴን ስም አከበርህ። እኔን ግን በጥቁር ጻፍኸኝ።»