በራሷ የምትሄድ ቀስት

«ስሜ የለም» አለ ልጁ ከኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ቆሞ። «ሁለቴ አየሁት። መቃን ኮ ሂን ጅሩ» ሲል በኦሮምኛ ደገመው።

ረቢአ ቀና ብላ ለማየት እንኳ ሰነፈች። ረመዳን ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ የከሚሴ ሙቀት ቆርቆሮው ላይ ተኝቶ የማይነሳበት፣ ጾመኛ ከወንበር ለመነሳት አስር ጊዜ የሚያስብበት ሰዓት ነበር። የአስረኛ ክፍል ፈተና ተመዝጋቢዎች ዝርዝር ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ደግሞ ስሜ የለም እያለ የመጣው ሁሉ የሌላ ክፍል ወረቀት ሲያነብ ነው የተገኘው።

«በደንብ እየው። አራት መቶ አስራ ሁለታችሁም አላችሁ» አለችው።

ልጁ አደም ይባላል። ከጨፋ ሸለቆ በእግሩ እየተመላለሰ ይማራል፤ አስረኛ ይሁን እንጂ በዕድሜ አስራ አንደኛ ክፍል ያለችውን ረቢአን ይበልጣታል። ጸሐፊዋ ዘንድ ሄዶ ፎርም ስላልመለስክ ነው ተብሎ መመለሱን ነገራት። አብራት የምትሠራው ጓደኛዋ ቤተልሄም እየተነጫነጨች የፎርሙን ክምር አገላበጠች። የአደም ፎርም ከነፎቶው ወጣ። በጊዜው ገብቷል፤ የመቀበያው ቀን ተጽፎበታል። ኮምፒውተሩ ላይ ግን አደም የሚባል ተማሪ ከነአባቱ ስም የለም።

የረቢአ እንቅልፍ በአንድ ጊዜ ጠፋ።

የመመዝገቢያው ፕሮግራም ከላይ በሲዲ የመጣ ነበር። የተማሪዎቹ ስምና የልደት ቀን በትምህርት ቤቱ ዝርዝር ላይ አስቀድሞ ተጽፎ ሳለ፣ ያ ፕሮግራም ለአንድ ተማሪ አስራ አራት ጊዜ ማውስ ካልተጫኑለት ወይ ፍንክች ይላል። የኮምፒውተር መምህሩ፣ መምህር አምባዬ፣ ሥራውን ለረቢአና ለቤተልሄም ሰጧቸው። በሦስተኛው ቀን የረቢአ እጅ ማበጥ ሲጀምር፣ መምህሩ ባዋሷት ፎቶ ኮፒ መጽሐፍ ውስጥ ማውስን በኮድ መንዳት እንደሚቻል አነበበች። አንዷ መስመር ማያው ላይ ያለችውን የማውስ ቀስት ወደተባለችበት ቦታ ትወስዳለች፤ ሌላዋ ትጫናለች። ረቢአ የእያንዳንዱን ቁልፍ ቦታ፣ ወደ ጎን ስንት፣ ወደ ታች ስንት እያለች ደብተሯ ላይ ጻፈችና ኮዱን ሠራች።

ከዚያ ቀስቷ በራሷ ሄደች። እጅ ሳይነካት ከሳጥን ሳጥን እየዘለለች ስም ስትሞላ፣ በመስኮት የሚያዩ ልጆች ጂኒ ነው ብለው አወሩ። ዳይሬክተሩ ራሳቸው መጥተው አዩ፤ በሰልፍ ላይም የረቢአን ስም ጠሩ። በወሩ መጨረሻ ደሴ ሄዳ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች እንድታሳይ ተወሰነ። እናቷ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራ ጨርሳለች። ረቢአ በሕይወቷ ለደግ ነገር ስሟ በሰልፍ ላይ ሲጠራ ያ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ደስታው ገና ከሆዷ አልወጣም።

አሁን የአደምን ፎርም ይዛ የልደት ቀኑን አነበበች። ጳጉሜን 3 ቀን 1979።

ማያው ላይ ወሮቹ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ወደ ታች ተደርድረዋል። ጳጉሜን ቦታ ስላልበቃው ከጎን ለብቻው ተቀምጧል። ከነሐሴ ሥር ያለው ‹ሰርዝ› የሚለው ቁልፍ ነው። የረቢአ ኮድ ደግሞ የወሩን ቁጥር በሃያ እያባዛ ወደ ታች ይወርዳል። አስራ ሦስት ጊዜ ሃያ። ጣቷን ማያው ላይ አድርጋ ወረደች፤ ሰርዝ ላይ አረፈች።

«ጉድ ፈላ» አለች ቤተልሄም በሹክሹክታ።

ፎርሞቹን ሲያገላብጡ ሌሎች ሦስት የጳጉሜን ልጆች አገኙ። ሦስቱም የሉም። ሥራው ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ‹412 ተመዝግቧል› ብሎ ነበር፤ እንዲህ በል ብላ የጻፈችለት ግን ረቢአ ራሷ ናት። ቆጥራ አላየችም። ዝርዝሩ የተቀዳበት ፍሎፒ ደግሞ ትናንት ለዞን ተልኳል።

አደምን ደጅ እንዲጠብቅ ነግራው ወደ መምህራን ክፍል ሄደች። መምህር አምባዬ ስትገባ ሲያዩዋት የሻይ ብርጭቋቸውን ከደብተር ክምር ኋላ ሸሸጉ፤ በረመዳን ለጾመኛ ተማሪ ሁሉ እንዲያ ያደርጋሉ። አራት ስም ጎድሏል ስትላቸው ለምን ብለው አልጠየቋትም። የማስተካከያ ቅጽ አውጥተው ሰጧትና የዞኑ መኪና አስራ አንድ ሰዓት ስለሚሄድ ቶሎ ሞልታ እንድታመጣ ነገሯት።

«ዘግይተው ያመጡ ናቸው አይደል?» አሉ።

«ዘግይተው ከሆነ ይቀበሏቸዋል፣ ቲቸር?»

«አንዳንዴ። ካልሆነ ለከርሞ ይፈተናሉ። የትምህርት ቤቱ ስህተት ከሆነ ነው የግድ የሚቀበሉት።» ዓይናቸውን አሹ። «ግን ፕሮግራሙ ነው ካልሽ አራት መቶ አስራ ሁለቱንም ፎርም በእጅ እንደ ገና ማመሳከር ሊመጣብን ነው። ዳይሬክተሩም ያለ ምንም ስህተት አለቀ ብለው ጽፈዋል። የደሴውም ነገር... እንግዲህ አስቢበት።»

ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደክሟቸዋል። ረቢአም ደክሟታል። ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ስትመለስ ያቺ የግቢው አቀበት አላልቅ አለቻት።

ቤተልሄም ነገሩን ሰምታ ወዲያው ወሰነች። ዘግይተው አመጡ ብለን እንጻፍ፣ ማን ያጣራል፣ ምናልባትም ይቀበሏቸዋል አለች። ረቢአንም ምናልባት የምትለው ቃል ጣመቻት።

አደም ከደረጃው ተነስቶ ተጠጋት።

«እህቴ፣ ቀኑ ካስቸገረ መስከረም አንድ በዪው። ብዙዎቹ እንደዚያ ነው የሞሉት፤ የተወለዱበትን አያውቁትም» አላት። «የኔን እናቴ ታውቀዋለች። ቦርከና ሞልቶ አባቴ ማዶ ቀርቶባት ብቻዋን ነው የወለደችኝ። መዋሸት ደብሮኝ እንጂ ቀኑ ምን ያደርግልኛል።»

ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ ለረቢአ ይቀላት ነበር፤ መልሳ ትቆጣው፣ ነገሩም በጭቅጭቅ ያልቅ ነበር። እሱ ግን ፊቷን አይቶ ጭራሽ ሊያጽናናት ሞከረ።

«አብሽሪ» አላት። «አላህ ያውቃል።»

ተቀምጣ አራቱን ስሞች በእጇ ጻፈች። የልደት ቀናቸውን እንዳለ ገለበጠች። ምክንያት የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ ‹ዘግ› ብላ ጀምራ እስክሪብቶዋን አነሳች። ቤተልሄም በትከሻዋ ላይ አጎንብሳ ታያለች። ረቢአ የጻፈችውን ሰረዘችና ከሥሩ ቀጠለች፦

‹ተማሪዎቹ ፎርማቸውን በጊዜው አስገብተዋል። እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም የጳጉሜን ልጆችን ሰርዟል። ረቢአ ኑርሁሴን፣ 11ኛ ክፍል።›

«ደሴስ?» አለች ቤተልሄም።

ረቢአ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። መምህር አምባዬ ቆመው አነበቡት፤ አንድ ጊዜ አይተዋት ፈረሙና መኪናው ወደቆመበት ራሳቸው ይዘውት ሄዱ። ስትመለስ አደም ወደ ቤቱ መንገድ ጀምሯል። ቤተልሄም ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆማለች፤ ተኮሳትራለች።

ረቢአ የፎርሙን ክምር ከመደርደሪያው አወረደችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከንፈሯ ደርቋል፤ ለማፍጠር ገና ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀራል።

«ከአስረኛ ሀ ጀምረሽ አንብቢልኝ» አለቻት። «ቀስ ብለሽ። እኔ ማያው ላይ በዓይኔ እያየሁ እቆጥራለሁ።»

ቤተልሄም ቦርሳዋን አውርዳ የመጀመሪያውን ፎርም አነሳች።