የተገለበጡት ጣውላዎች

አቶ ሀብቴ የሞቱት እንግዳ ፊት ነው። ሰኞ ረፋዱ ላይ፣ የከተማችንን ያረጁ ሕንፃዎች ለማደስ ዕቅድ ሊያወጡ ከሆሳዕና የመጡ ሦስት ባለሙያዎች እያዩ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገሉበት ቤተ መጻሕፍት የሰገነት ወለል ተሰብሮ አራት ሜትር ቁልቁል ይዟቸው ወረደ። ከዳምቦያ አለፍ ብላ ባለችው ትንሽ ከተማችን ከሞቱ እኩል የተወራው ስለ እንግዶቹ ነበር። «አሁን ምን ይሉን ይሆን?» ተባባልን። እንዲህ ነን እኛ፤ አስከሬን ሳይነሣ ስለ ስማችን እንጨነቃለን።

ማክሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ኤልሳ ስትደርስ ጥፋተኛው አስቀድሞ ተገኝቶላት ጠበቃት። ሱራፌል የተባለው ወጣት መሐንዲስ ጣቢያ ታስሯል። አርብ ዕለት ሕንፃውን መርምሬ የበሰበሱትን ጣውላዎች በቀይ ቀለም ኤክስ አድርጌባቸዋለሁ ይላል፤ ወለሉ ላይ ግን ቀይ የሚባል ነገር የለም። በማግስቱ ዱራሜ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው።

«ፎቶ አላነሣህም?» አለችው ኤልሳ።

«መብራት ጠፍቶ ስልኬ ዘግቶብኝ ነበር። ዱራሜ ስገባ ግን ለጋሽ ሀብቴ ደወልኩላቸው። ከሐሙስ ጀምሮ አንጋጫ ለቅሶ ላይ ነበሩ። ‹ቀይ ያለበትን እንዳይረግጡ› አልኳቸው።»

«ደረጃውን ለምን አልዘጋኸውም?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። «ምልክቱ ይበቃል ብዬ ነው። እሱ የእኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም።»

ኤልሳ ሳጅን ሚክያስን አስከትላ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደች። ግድግዳው አዲስ ቀለም ይሸታል። የሰገነቱ ሥር እንደ ድሮ ቤቶች ሁሉ በአቡጀዲ ኮርኒስ ተሸፍኗል፤ አሁን መሐሉ ተቀዶ ተንጠልጥሏል። የተሰበሩት ጣውላዎች ግቢ ውስጥ ተከምረዋል። አንዱ ስባሪ ላይ ቀይ ነገር አየች።

«ደም ነው» አለ ሚክያስ።

በጥፍሯ ፋቀችው። «ደም እንዲህ ተላጦ ሲነሣ አይተህ ታውቃለህ? እስቲ መሰላል አምጣልኝ።»

መሰላሉ ላይ ወጥታ ያልተቀደደውን አቡጀዲ በሰንጢ ሰነጠቀችው። ከውስጡ የሃያ ዓመት አቧራ ወረደባት። እያስነጠሰች ቀና ስትል፣ ገና ሳይወድቅ በቀረ ጣውላ ሆድ ላይ ቀይ ኤክስ አየች።

«ሱራፌል አቡጀዲው ውስጥ ገብቶ በጀርባው ተኝቶ ካልቀባው በቀር» አለች ስትወርድ፣ «ይሄ ጣውላ ተገልብጧል። ከላይ የተመታበት ሚስማርም አዲስ ነው።»

መጀመሪያ ያነጋገረችው የአቶ ሀብቴን ረዳት ትርፊትን ነው። የልጅቷ ዐይን አብጧል።

«ቁልፉ ማን ጋ ነበር?»

«እኔ ጋ። ግን ቅዳሜ ከእድሳት ኮሚቴው ጋሽ ኃይለ ማርያም ግድግዳ አስቀቡ፤ እሑድ ረሻድ ወንበር አመጣ። ሁለቱንም ቀን ክፍት ነው የዋለው።»

«ሰኞስ?»

«አንደኛው እንግዳ የድሮ ጋዜጣ ጥራዝ አላችሁ ወይ አሉ። ጋሽ ሀብቴ ደስ ብሏቸው ላመጣ ብለው ወጡ። እኔም ከኋላቸው ነበርኩ። ሁለት እርከን ሲቀረኝ…» ማልቀስ ጀመረች።

«ቀይ ምልክት አይተሽ ነበር?»

ትርፊት በሩ ላይ የቆሙትን አቶ ኃይለ ማርያምን አየት አደረገች። «አላየሁም።»

ኤልሳ አልተጫነቻትም። አስተያየቷን ግን ልብ ብላለች።

የዕቃ ሱቅ ባለቤቱ ረሻድ የእድሳት ኮሚቴው አባል ነው፤ አባቱ ከጉራጌ መጥተው እዚሁ ከተማ የከበሩ ነጋዴ ነበሩ።

«ወንበሮቹን የት አስቀመጥካቸው?»

«ሰገነቱ ላይ፣ ከደረጃው አፍ። እንግዶቹ ከላይ ሆነው አዳራሹን እንዲያዩ ብዬ ነበር። ሰኞ ስመጣ ጋሽ ኃይለ ማርያም አውርደዋቸዋል። ከታች ይሻላል አሉ።»

«ሚስማር የገዛህ ሰው አለ?»

ረሻድ ጫማውን ማየት ጀመረ። «ሱቅ ነው፣ እህቴ። ሰው ሁሉ ይገዛል።»

አቶ ኃይለ ማርያም ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርና የኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው። የአቶ ሀብቴን የበኩር ልጅ ክርስትና ያነሡ፣ የአርባ ዓመት ወዳጅ ናቸው።

«እንግዶቹ ሰገነቱን አላዩትም?»

«ሊወጡ ሲሉ ሻይ ቀርቧል ብዬ መለስኳቸው።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«አራት ሰዓት ግድም።»

ሻይ ቤት ያላት እልፍነሽ ግን ሻዩ የታዘዘው ለአምስት ሰዓት ተኩል እንደነበር ለኤልሳ ነገረቻት።

ከቀብር መልስ ኤልሳ ሁሉንም የንባብ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበች። የሟች ባለቤት ወይዘሮ ከበቡሽም «እኔም ልስማ» ብለው ጥቁር ነጠላቸውን እንደለበሱ መጡ። ሱራፌል በሳጅን ሚክያስ ታጅቦ ቆመ።

«ልጁ ምልክት አድርጓል» አለች ኤልሳ። «ከአርብ በኋላ አንድ ሰው ጣውላዎቹን ነቅሎ ቀዩን ወደ ታች ገልብጦ መታቸው። የበሰበሰ እንጨት ሲነቀል የነበረው ኃይልም ያልቃል። አቶ ሀብቴ ደግሞ ቀይ ያለበትን እንዳይረግጡ ተነግሯቸዋል። ቀይ ሲያጡ ተጠግኗል ብለው ረገጡ። በሩ ክፍት ቢውልም እዚህ ጉዳይ የነበራቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። ትርፊት ከኋላቸው እየወጣች ነበር፤ የምታውቅ ብትሆን አትከተላቸውም። ረሻድ እንግዶቹን እዚያው ላይ ሊያስቀምጥ ወንበር ደርድሯል፤ የሚያውቅ ሰው ይህን አያደርግም። ወለሉ ለሁሉም ደህና መስሎ ሲታይ፣ ወንበሮቹን ያወረደና ባልቀረበ ሻይ እንግዶቹን ከደረጃው የመለሰ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ማንም ወደ አቶ ኃይለ ማርያም ዞሮ ማየት አልቻለም።

«ከእኔ ነው ሚስማሩን የገዙት» አለ ረሻድ በዝግታ። «ልጁ ሲታሰር እያየሁ ዝም አልኩ። ጎረቤቴ ናቸው።»

«እኔም ምልክቱን አርብ አይቼዋለሁ» አለች ትርፊት። «ጋሽ ሀብቴ ደረጃው ላይ ሆነው ‹ቀዩ የታለ?› ብለው ጮክ ብለው ጠየቁኝ። ጠግነውት ይሆናል አልኳቸው። ፖሊስ ሲጠይቀኝ ጋሽ ኃይለ ማርያምን ፈርቼ ካድኩ።»

አቶ ኃይለ ማርያም ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ቀዩን ሳየው ገመናችን አደባባይ የወጣ መሰለኝ። ይህን ካዩ ይፈርስ ይላሉ እንጂ ይታደስ አይሉም ብዬ ፈራሁ። ቀለም ብቀባበት ያስታውቃል። ገለበጥኩት። እንግዶቹ ሲሄዱ ላሠራው ነበር። ሀብቴ ይወጣል ብዬ በጭራሽ አላሰብኩም።»

«ሲወጡ ግን አይተዋቸዋል» አለች ኤልሳ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «እንግዶቹን ከደረጃው ሲመልሱ እዚያው ሥር ነበሩ። ቀዩ የታለ ሲሉም ሰምተዋል። አሥራ አራት እርከን ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። አቶ ሀብቴም የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበሩ፤ በዝግታ ነው የወጡት።»

«እንግዶቹ አጠገቤ ነበሩ» አሉ ሽማግሌው። «ውረድ ብዬ ብጮህ ‹ለምን?› ይሉኛል። አፈርኩ። በቃ፣ አፈርኩ።»

ኤልሳ ለሚክያስ በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ እሱም የሱራፌልን ካቴና ፈታ። ልጁ የሚያመሰግነውንም የሚወቅሰውንም አጥቶ እዚያው ቆሞ ቀረ። እኛም ትናንት ጣቢያው በር ላይ የሰደብነው ትዝ አለንና መሬት መሬት አየን።

ወይዘሮ ከበቡሽ ቀስ ብለው ተነሥተው አቶ ኃይለ ማርያም ፊት ቆሙ።

«አበልጄ» አሉ። «ውረድ ማለቱ ቢያሳፍርህ፣ ሀብቴ ብለህ ስሙን ብቻ ብትጠራውስ? አንተ ጠርተኸው ዞር ሳይልልህ የቀረበት ቀን ነበር?»